እዚች ጋ ነው የቆመው

የወደዱት ፊልም የተቀረጸበት ቦታ ድረስ የሚሄዱ ሰዎች አንዲት የማትለወጥ ልማድ አለቻቸው። ቦታው ሮም ይሁን ኢስታንቡል፣ ተጓዡ ጃፓናዊ ይሁን ብራዚላዊ፣ እንደደረሰ መጀመሪያ የሚያደርገው ዙሪያውን ማየት አይደለም። ስልኩን ያወጣል፣ ከፊልሙ ቆርጦ ያስቀመጣትን አንዲት ምስል ይከፍታል፣ ክንዱን ዘርግቶ ከፊቱ ካለው ግድግዳ ጋር ያስተያያታል። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ። በስልኩ ውስጥ ያለው መስኮትና ግድግዳው ላይ ያለው መስኮት እስኪገጥሙለት ድረስ አንገቱን ያዘነብላል፣ ጉልበቱን ሸብረክ ያደርጋል፣ መንገደኛ ሲመጣበት ይቅርታ ብሎ ያሳልፋል፣ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሲገጥምለት ታዲያ ደስታው ፊቱ ላይ ይፈካል፤ አብሮት የመጣውን ሰው ክንዱን ይዞ «እዚች ጋ ነው የቆመው! እዚችው ጋ!» ይላል።

ይህችን ልማድ ረጋ ብሎ ያያት ሰው አንድ ደስ የሚል ነገር ያገኝባታል። ተጓዡ «እዚች ጋ» እያለ ጣቱን የሚቀስረው ተዋናዩ ወደቆመበት ነው፤ የራሱ እግር ያረፈው ግን ካሜራው ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ ነው። ፊልሙ አልቆ ያ ረጅም የስም ዝርዝር ሲወርድ፣ ሰው ጃኬቱን እየለበሰ ስሙን ሳያነብለት የሚወጣውን ካሜራማን፣ ከሃምሳና ከስልሳ ዓመት በኋላ ከሌላ አህጉር የመጣ ሰው እርምጃውን እየለካ ፈልጎ ያገኘዋል። ጣት ለተዋናይ፣ እግር ለካሜራማን። እኔ ይህን ፍትሕ እወደዋለሁ፤ ማንም ሳይፈርደው የሚፈጸም ነውና።

በልጅነታችን ፊልም ስናይ ቦታ የሚባል ነገር ትዝም አይለን ነበር። በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት፣ በጣውላ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን፣ የሚያሳስበን አክተሩ ይተርፍ አይተርፍ እንደሆነ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን መልሱ ከመግባታችን በፊት የታወቀ ነበር፤ አክተር አይሞትም። ካራቴ ካለበት አገሩ ቻይና ነው። ዘፈንና ዕንባ ካለበት ህንድ ነው። ፈረስና አቧራ ካለበት ደግሞ ያለ ጥርጥር አሜሪካ ነው። የብዙዎቹ ካውቦይ ፊልሞች አቧራ የስፔን አቧራ መሆኑን የነገረን አልነበረም፤ ቢነግሩንም መሃል ላይ ዝም በሉ ብለን እናስቆማቸው ነበር። ወደዚያ አቧራ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን መንገዴን በሮም በኩል ላድርግ።

«ሮማን ሆሊዴይ» የተሰኘው የዊልያም ዋይለር ፊልም የወጣው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ኦድሪ ሄፕበርን ከአጃቢዎቿ ያመለጠች ልዕልት፣ ግሪጎሪ ፔክ ደግሞ ማንነቷን አውቆ እንዳላወቀ የሚሆን ጋዜጠኛ ናቸው፤ ከተማዋን በቬስፓ ይዞሩባታል። ሳንታ ማሪያ ኢን ኮስሜዲን በተባለችው ቤተ ክርስቲያን መግቢያ በረንዳ ላይ አፉን የከፈተ ትልቅ ክብ የእብነ በረድ ፊት ቆሟል፤ ውሸታም እጁን ቢከትበት ይነክሰዋል ይባላል። በፊልሙ ፔክ እጁን ይከታል፣ ይጮኻል፣ ሲያወጣው እጁ የለም፤ እጅጌው ውስጥ ሸሽጎታል። ይህን እንደሚያደርግ ለሄፕበርን አልተነገራትም ነበርና የምንሰማው ጩኸቷ የምር ጩኸት ነው።

ዛሬ እዚያ በረንዳ ላይ ሰልፍ አለ። ሰልፈኛው እየሳቀና እየተሳሳቀ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ግን አንዲት ትንሽ ነገር ይሆናል። እጁ የድንጋዩ ከንፈር ጋ ስትደርስ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቀጥ ትላለች። ድንጋይ መሆኑን ያውቃል፤ ከእሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ጣታቸውን ቆጥረው እንደሄዱም አይቷል። ቢሆንም ትቆማለች። ልጅ ላይም አየኋት፣ ሽበታም ላይም አየኋት። ምናልባት በዚያች ቅጽበት ሰው የሰነበተበትን ንግግር ሁሉ በልቡ ይከልሳል። ጻድቅም ቢሆን ድንጋይ ፊት ሲቀርብ ሒሳቡን አንዴ ይቆጥራል።

እዚያው ሮም፣ ልዕልቲቱ አይስክሬሟን እየላሰች ያረፈችበት የስፔን ደረጃ የሚባለው ሰፊ መወጣጫ አለ። በእሱ ላይ ከ2019 ጀምሮ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። ደረጃው ብዙ ሰው ተቀምጦበት፣ ብዙ መጠጥ ፈስሶበት ስለተጎዳ ነው፤ ከተማው እውነት አለው። ይሁንና ፊልሙን አይቶ የመጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ብታዩ ያሳዝናችኋል፤ ቁጭ ልበል አልበል እያለ ጉልበቱ ሲታጠፍ፣ የፖሊስ ፊሽካ ሲሰማ ቀጥ ሲል፣ በመጨረሻ ቆሞ ፎቶውን ተነስቶ ሲወርድ።

በሮም የሚሠራው እጅ ነው። ፊላደልፊያ ላይ ደግሞ እግር ነው። እኛ በራምቦነቱ የምናውቀው ሲልቬስተር ስታሎን በ1976 «ሮኪ»ን ሲሠራ፣ የፊላደልፊያ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ፊት ለፊት ያሉትን 72 ደረጃዎች ሮጦ ወጥቶ ከላይ ሁለት እጁን አነሳ። ከዚያ ወዲህ በበጋም በክረምትም፣ ገና በጠዋቱ ሳይቀር፣ የሚሮጥ ሰው አይታጣበትም። የቤተሰብ አባት ልጆቹን አስከትሎ ይጀምራል፤ ሠላሳኛው ደረጃ ላይ ልጆቹ ይቀድሙታል፤ አርባኛው ላይ የጫማውን ማሰሪያ ለማጥበቅ ጎንበስ ይላል፤ ማሰሪያው ግን አልላላም። ቀና ሲል ትንፋሹ ተመልሷል፤ ይቀጥላል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ እጁን ሽቅብ ይዘረጋል፤ የማያውቁት ሰዎች ያጨበጭቡለታል። ከጀርባው ታላቁ ሙዚየም በሥዕል ተሞልቶ ቆሟል። ወደዚያ የሚገባው ኋላ ነው፣ ልቡ ሲረጋ።

ፊልም ስናይ ዓይናችን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሌላው አካላችን ወንበር ላይ ተጥሎ ይጠብቃል። ቦታው ስንደርስ ግን ያ ሲጠብቅ የኖረ አካል ድርሻዬን ይላል። ለዚህ ነው ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ ከማየት ይልቅ መንካት፣ መዝለል፣ መሮጥ የሚቀናው። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ግንባሩን ከበሩ መቃን ጋር ካላነካካ የደረሰ እንደማይመስለው፣ የፊልም ተጓዥም አንድ ነገር በገላው ካላደረገ የመጣ አይመስለውም። ዓይን ብቻውን የጠገበው፣ ሲነጋ ይራባል።

አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ቢሄዱበት የለም። «ካዛብላንካ» በ1942 ሲሠራ ሞሮኮን አልረገጠም፤ የሪክ ካፌ የተባለው ያ ጭስና ሙዚቃ የሞላበት ቤት ካሊፎርኒያ ውስጥ በዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ የተገተረ ጣውላና ቀለም ነበር። ከስልሳ ዓመት በላይ ወደ ካዛብላንካ ከተማ የሄደ የፊልሙ ወዳጅ ካፌው ወዴት ነው ብሎ ቢጠይቅ የሚያሳየው አልነበረም። በ2004 አንዲት የቀድሞ አሜሪካዊት ዲፕሎማት በአሮጌው መዲና ቅጥር ሥር ያለ ቤት አድሳ፣ ቅስቱን፣ ፒያኖውን፣ የጠረጴዛ መብራቱን ፊልሙን እያየች አዘጋጅታ የሪክን ካፌ ከፈተችው። ከተማ ፊልም ሲወልድ ብዙ አይተናል፤ ፊልም ቤት ሲወልድ ማየት ግን ሌላ ነው። ገብተው የሚቀመጡት ሰዎች ነገሩን አሳምረው ያውቁታል። አውቀውም ፒያኖው አጠገብ ያለችውን ጠረጴዛ ይመርጣሉ።

በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ነገሩ ለየት ይላል። ፊልም ሁለት ሰዓት ነው። ድራማው ግን ለወራት፣ ራት እየቀረበ፣ ሰው እየገባና እየወጣ፣ «ትናንት ምን ላይ ቆመ?» እየተባባሉ የሚታይ ነው፤ ሰዎቹን ብቻ ሳይሆን የሳሎናቸውን መጋረጃ፣ የበራቸውን ድምፅ ሳይቀር ይለምዱታል። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሥርጭት ጀምሮ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ካናገረ ወዲህ፣ ከአዲስ አበባ ወጥተው የማያውቁ እናቶች የቦስፎረስን ውሃና ድልድዩን በመልክ ያውቁታል፤ ሥራ ለማፈላለግ ወይም ዕቃ ለማምጣት ኢስታንቡል የሚሄድ ልጃቸውንም «ያን ባሕር ዳር ያለውን ቤት አየኸው?» ብለው ይጠይቁታል። ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። «ጉሙሽ» የተባለው የቱርክ ድራማ በ2008 «ኑር» ተብሎ በሶርያ ዐረብኛ እየተናገረ በኤምቢሲ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ከዐረብ አገሮች የመጣው ጎብኚ ኢስታንቡልን አጥለቀለቃት፤ የድራማው ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው የቦስፎረስ ዳር ቪላም ለተመልካች ተከፈተ።

የቦስፎረስ ጀልባ ላይ የተሳፈረ ሰው ሁለት ዓይነት ተሳፋሪ ያያል። እነዚያ ባሕር ዳር ቪላዎች ብቅ ሲሉ ጎብኚው ሁሉ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል፤ ስልክ ከስልክ በላይ ይነሳል። የኢስታንቡሉ ሰው ግን ከሥራ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው። ወገቧ ቀጠን ባለች ትንሽ ብርጭቆ ሻዩን ይዟል፤ ስኳሩን ያማስላል፤ ሰሊጥ ከተነሰነሰበት ክብ ዳቦው ቁራሽ ቆርሶ ለሚከተሉት የባሕር ወፎች ይወረውራል፤ ወፏ አየር ላይ ስትቀልበው ብቻ ፈገግ ይላል። ቪላዎቹን ቀና ብሎም አያይም። ከሁለቱ አንዱ ያልገባው ይመስላችኋል? እኔ ሁለቱም እንደገባቸው ነው የማምነው። አንዱ ድራማውን ፍለጋ መጣ፤ ሌላው የራሱን ማታ እየኖረ ነው። አንድ ጀልባ ሁለቱንም ይይዛል።

አሁን ወደዚያ አቧራ እንመለስ። «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ» የሰርጂዮ ሊዮኔ ሥራ ነው፣ የ1966። ታሪኩ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሦስት ሰዎች መቃብር ውስጥ የተቀበረ ወርቅ ሲፈልጉ ነው፤ የተቀረጸው ግን በአብዛኛው ስፔን ውስጥ ነው። የመጨረሻው ትዕይንት መቃብር በሰሜን ስፔን በቡርጎስ አውራጃ፣ ሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ሲሎስ ከተባለች መንደር አጠገብ፣ ሚራንዲያ በሚባል ሸለቆ ውስጥ ተሠራ። የሠሩት የስፔን ወታደሮች ናቸው፤ መሃሉን ድንጋይ የተነጠፈበት ክብ አድርገው፣ ከ5,000 የሚበልጡ መቃብሮችን በቀለበት በቀለበት ዙሪያውን ኮለኮሉ። አፈር ተከመረ፣ የእንጨት መስቀል ተተከለ፤ ከሥር ግን አንድም ሟች የለም። ኢላይ ዋላክ በኤኒዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃ እየታጀበ በእነዚያ መቃብሮች መካከል ሲሮጥ፣ ከዚያም ከክሊንት ኢስትውድና ከሊ ቫን ክሊፍ ጋር በክቡ ላይ ቆመው ዓይን ለዓይን ሲተያዩ፣ ትንፋሹን ያልያዘ ተመልካች የለም።

እዚያው አካባቢ ድልድይ የሚፈርስበት ትዕይንትም አለ። ድልድዩን የሠራው የስፔን ጦር፣ ፈንጂውን እንዲያፈነዳ የተመደበውም የጦሩ መኮንን ነበር። መኮንኑ ምልክት የተሰጠው መስሎት ካሜራዎቹ መቅረጽ ሳይጀምሩ ድልድዩን አፈነዳው። ጦሩ ሳያጉረመርም ድልድዩን እንደገና ሠራው፤ በፊልሙ የምናየው ሁለተኛው ድልድይ ነው። የመጀመሪያውን ድልድይ ሲፈርስ ያዩት እዚያ የነበሩት ብቻ ናቸው። ለእነሱ ብቻ የታየ ፊልም ነበር ማለት ነው።

ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉም ሄደ፤ ሸለቆው ለሣርና ለከብት ቀረ። መስቀሉ በሰበሰ፣ ድንጋዩን አፈር ሸፈነው፤ አርባ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ሆነ። በ2015 ፊልሙን የሚወዱ የአካባቢው ሰዎች ዶማና አካፋ ይዘው መጡ። ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር መቆፈር ጀመሩ፤ ወሬው ሲሰማ ከሌላ ከተማ፣ ቀጥሎም ከሌላ አገር የሚመጡ ተጨመሩ። ደመወዝ የለም፤ ምሳቸውን ከየቤታቸው ይዘው ነው። ሣሩን ከነሥሩ ሲገለብጡት ዶማው አንድ ጠንካራ ነገር ይነካል፤ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ሲጠርጉት ያ በፊልም የሚያውቁት ንጣፍ ድንጋይ ብቅ ይላል። በዚያች ሰዓት የቆፋሪውን ፊት ማየት ነው። ወርቅ ያገኘ ሰው እንኳ እንዲህ አያበራም፤ ወርቅ ያገኘ ሰው ይደብቃል፣ እነዚህ ግን ጓደኞቻቸውን ጠሩ።

ሥራው ገንዘብ ሲፈልግ መላ አመጡ፤ 15 ዩሮ ለሰጠ ሰው አንድ መቃብር ስሙ ተጽፎ ይተከልለት ጀመር። ከብዙ አገር ሰው ከፈለ። እኛ አገር ሰው በቁሙ ስሙን መስቀል ላይ አጽፎ ቢገኝ እናቱ «ምን ሟርት ነው!» ብላ ቤቱን ታናውጠዋለች፤ እዚያ ግን በሕይወት ያሉ ሰዎች ከስሞቻቸው ጎን ቆመው፣ ተቃቅፈው፣ እየሳቁ ፎቶ ይነሳሉ። ፊልሙ ሃምሳ ዓመት የሞላው በ2016 ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ትልቅ በዓል ተደረገ፤ ኢስትውድም በቪዲዮ ሰላምታ ላከላቸው። ቁፋሮው ራሱ ጊየርሞ ዴ ኦሊቬራ በተባለ ዳይሬክተር ዘጋቢ ፊልም ሆኖ በ2017 ወጣ። አሁን ወደዚያ የሚሄድ ሰው መቃብሮቹ መካከል ይሮጣል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳያየው እየተገላመጠ፤ ሌላው ሰውም እየሮጠ መሆኑን ሲያይ ግን በሙሉ ልቡ።

ይህን ሁሉ ስናገር አንድ ሰው «ለውሸት መቃብር ይህ ሁሉ ድካም?» ሊለኝ ይችላል። መቃብሩ ውሸት ነው፤ እጃቸው ላይ የቋጠረው ውሃ ግን እውነት ነው። የወደዱትን ቦታ ሄደው ከእሱ የሚወስዱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሄደው የሚጨምሩበት ጥቂት ናቸው። በታይላንድ ማያ ቤይ የተባለች ውብ የባሕር ዳርቻ አለች፤ በ2000 የወጣው የሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ፊልም «ዘ ቢች» እዚያ ተቀረጸ። ታሪኩ ሰው ያልደረሰበት ገነት ሰው ሲደርስበት ምን እንደሚሆን ነው። ፊልሙን የወደደው ሁሉ ሄደ፤ በቀን እስከ 5,000 ሰው፤ የጀልባው መልህቅና የሰው እግር ኮራሉን ፈጨው፤ በ2018 ተዘጋች። እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ እረፍት ሲሰጧት፣ ጠፍተው የነበሩት ትንንሽ ሻርኮች ተመለሱ። አሁን ጀልባ ከፊት ለፊት አይገባባትም፤ የሰውም ቁጥር የተወሰነ ነው። ከልብ የወደደ ሰው በር ሲዘጋበትም የሚደሰትበት ጊዜ አለ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ ዓይነት ጉዞ አለን። በ1973 የወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ከፊሉ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀርጿል። ሪቻርድ ራውንድትሪ የተጫወተው መርማሪ፣ ከአፍሪካ ሰው እያግባቡ ወደ አውሮፓ የሚወስዱ ነጋዴዎችን ለመያዝ ራሱን ከሚወሰዱት ሰዎች ጋር ይቀላቅላል። የአገራችን ሰው ይህን ፊልም ዛሬ ሲያየው ግን ዓይኑ መርማሪው ላይ አይውልም። ከመርማሪው ትከሻ በላይ ያለውን ነው የሚያየው፤ ሕንፃውን፣ መንገዱን፣ ሳያውቁ በካሜራው ፊት ያለፉትን ሰዎች፣ ከአብዮቱ አንድ ዓመት በፊት የነበረውን አለባበስ። ዋሺንግተንም ሆነ አዲስ አበባ፣ ሽማግሌ ያለበት ቤት ከሆነ ፊልሙ በሁለት ሰዓት አያልቅም። «አቁመው! ትንሽ መልሰው! ያ ግድግዳ የማን ነው?» ይባላል፤ ክርክር ይነሳል፤ ቡና ይጠጣል፤ ጀግናው እጁ እንደተነሳ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ይጠብቃል። ሌላው ዓለም ተዋናዩን አይቶ ቦታውን ይፈልጋል፤ የአገር ልጅ ቦታውን አይቶ ተዋናዩን ይረሳል። ሁለቱም ፍቅር ነው፤ ቢገናኙ ብዙ የሚያወሩት አላቸው።

ይገናኙም ይሆናል። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ላይ ሲታይ፣ በዚያ ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነበር። ኤፍሬም የተባለ ልጅ ጩኒ የምትባል በጉን ይዞ የሚሄድበት ያ አረንጓዴ ተራራ ስንቱን የሩቅ አገር ሰው ልብ እንዳንጠለጠለ እንጃ። አንድ ቀን አንዱ ስልኩን ዘርግቶ «ልጁ የቆመው የት ነው?» ብሎ ቢመጣ፣ የሚመልስለት ሰው እንዲያጣ አልፈልግም። መቃብርና ድንጋይ ቆፍረው ያወጡት የቡርጎስ ሰዎች ዶማ አስፈልጓቸዋል፤ እኛን የሚያስፈልገን መጠየቅ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ፣ በሐረር፣ በሰሜን ተራሮች ካሜራ ሲተከል ቆመው ያዩ፣ ገመድ ያቀበሉ፣ በቅሎ ያከራዩ፣ «በዚያ በኩል እለፍ» ተብለው ያለፉ ሰዎች አሉ። ከዘመዶቻችሁ መካከል እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ በዚህ እሁድ ሄዳችሁ ጠይቁት፣ ያለውንም ጻፉት። ጊዜ ይዛችሁ ግን ሂዱ፤ እንዲህ ያለ ሰው አንዴ ከጀመረ የት እንደቆሙ ብቻ ሳይሆን ምሳቸውን ምን እንደበሉም ሳይነግራችሁ አይለቃችሁም።